ወለድን መከልከልና ባንክን ማቋቋም



ቅዱስ ቁርአን ወለድን አጥብቆ ይከለክላል፤ የተቸገረ ባለዕዳም እስኪያገኝ ድረስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። ይሁን እንጂ ትእዛዙ ብቻውን ለገበሬው የዘር መግዣ አይሆነውም። ወለድን የሚፈራ ምእመን ገንዘቡን በቤቱ ይደብቃል፤ የቸገረው ጎረቤቱም ከአራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቃል።

በጀርመን አገር የተማሩት ግብፃዊው ዶክተር አሕመድ አል ነጃር ይህን ተመልክተው፣ በ1963 እ.ኤ.አ. በሚት ጋምር ከተማ ያለ ወለድ የሚሠራ የቁጠባ ባንክ አቋቋሙ። ቆጣቢው ወለድ አይቀበልም፤ ሲቸግረው ግን ያለ ወለድ ይበደራል። ባንኩም በንግድ ሥራ ገብቶ ትርፍና ኪሳራን ይካፈላል። ያ ባንክ ብዙ ዓመት ባይዘልቅም ሐሳቡ አልሞተም፤ በ2021 እ.ኤ.አ. በአገራችን ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ።

እንግዲህ ሃይማኖት «አታድርግ» ባለ ጊዜ፣ «ታዲያ ምን ይደረግ?» ለሚለው መልስ ማበጀት የተማረው ሰው ዕዳ ነው።