መብራት ሲሄድ የሚከፈት ሰርቨር

ከሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ እስከ ከተማዋ ሆስፒታሎች፣ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ እስከ ሲዳማ ክልል ቢሮዎች ድረስ ስንት መዝገብ በሰርቨር ላይ እንደሚያድር ለዚህ ስብሰባ ተሳታፊዎች መንገር አያስፈልግም። ሊነገር የሚገባው፣ ሰርቨሩን እንዲጠብቁ የተመደቡ እጆች ራሳቸው ሳያውቁ የሚያደርሱት ጉዳት ነው። ከሁሉም የሚያሳስበው ልማድ ደግሞ መብራት በሄደ ቁጥር «አሁን ጠፍቷል» ብሎ ክዳኑን መክፈት፣ ከማዘርቦርዱ ላይ ጃምፐር ማንሳትና ማገናኛ መንቀል ነው።

ጃምፐር በማዘርቦርዱ ላይ የቆሙ ሁለት ፒኖችን የሚያገናኝ፣ ውስጡ ብረት የሆነ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ሲሆን፣ ቦታውን መቀየር ለማሽኑ አንድ ትእዛዝ እንደ መስጠት ይቆጠራል። በተለመደው ዓይነት በሁለት ፒኖች መካከል ያለው ርቀት ከመሃል እስከ መሃል 2.54 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ቆቡ ሲጠፋ ጫፉ 5 ወይም 6 ሚሊ ሜትር በሚሰፋ ካቻቢቴ ሁለቱን ፒኖች «ነካ ማድረግ» ሦስተኛውንም አብሮ ሊነካ ይችላል። በአቅራቢያው የማራገቢያ ማገናኛ ካለ አደጋው ይብሳል፤ በተለመደው አሠራር 12 ቮልት የሚያመጣው ፒንና የግራውንዱ ፒን ጎን ለጎን የሚቆሙ በመሆናቸው፣ ካቻቢቴው አንዴ ከተንሸራተተ ኮንታክት ይፈጠራል።

መብራት መሄዱ ግን ሰርቨሩ ከኤሌክትሪክ ተለያይቷል ማለት አይደለም። ተለዋዋጩን 220 ቮልት ወደ ዝቅተኛ ቀጥተኛ ቮልቴጅ የሚለውጠው ፓወር ሰፕላይ በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ውስጥ ሁለት ነው፤ አንዱ ሲበላሽ ሌላው እንዲሸከም ታስቦ የተሠራ በመሆኑ አንደኛው ገመድ መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል ከሚሰጠው ዩፒኤስ፣ ሌላኛው ከግድግዳ ሶኬት ሊሰካ ይችላል። በዚህ ሁኔታ ክፍሉ ጨልሞ እንኳ ዩፒኤሱ መመገቡን ይቀጥላል። ሰርቨሩ በማጥፊያው ቢጠፋም ገመዱ እስከተሰካና ኃይል እስካለው ድረስ፣ ተጠባባቂ ቮልቴጅ የሚባለው ኃይል በቦርዱ ላይ ይቆያል፤ ቤዝቦርድ ማኔጅመንት ኮንትሮለር የተባለውን፣ በኤችፒ ሰርቨሮች አይሎ በዴል ሰርቨሮች አይድራክ በሚል ስም የሚታወቀውን፣ ማሽኑን ከሩቅ የሚቆጣጠር አነስተኛ ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሰውም ይኸው ኃይል ነው። ከዚህ የከፋው የመብራቱ መመለስ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ኃይል ሲያገኙ ማንም ሳይነካቸው እንዲነሱ የሚያዝ ቅንብር ስላላቸው፣ ጀነሬተሩ ሲነሳ ወይም መብራቱ ድንገት ሲመጣ የባለሙያው ጣቶች ፒኖቹ ላይ እንዳሉ ማሽኑ መሥራት ይጀምራል።

እዚህ ላይ በአንዳንድ ተሳታፊዎች ፊት የሚነበበው ጥርጣሬ «ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ምን ተፈጠረ?» የሚል ይመስላልና፣ ከተዘጋጀው ጽሑፍ ጥቂት መውጣት ተገቢ ነው። ጉዳቱ የማይታየው ሁልጊዜ በጭስና በብልጭታ ስለማይገለጥ ነው። ሰው ከሰውነቱ የሚወጣውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ በጣቱ የሚሰማው መጠኑ ወደ 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ሲሆን፣ አንዳንድ የቦርድ ክፍሎች ግን በ100 ቮልትና ከዚያም ባነሰ ይጎዳሉ። ስለዚህ በበጋው ደረቅ አየር ጃምፐር የነካ ባለሙያ ምንም ሳይሰማው አንድን ቺፕ ሊያዳክም ይችላል፤ ቺፑም በዚያው ቀን ሳይሆን ከሳምንታት በኋላ ይሞታል፤ ጥፋቱም በማሽኑ እርጅና ይሳበባል። «ምንም አልተፈጠረም» የሚለው ምስክርነት ዋጋ የሚያጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ጉዳት የሚደርሰው በመረጃው ላይ ነው። ሰርቨር አልነሳ ሲል ብዙዎች መጀመሪያ የሚሮጡት ሲሞስን ወደሚያጸዳው ጃምፐር ነው፤ ሲሞስ የማሽኑን መሠረታዊ ቅንብሮች የሚይዝ ማኅደር ሲሆን፣ ቅንብሩና ሰዓቱ ገመዱ ተነቅሎም እንዲቆዩ የሚያደርገው 3 ቮልት የሆነ ክብ ባትሪ ነው። ማኅደሩ ሲጸዳ ሰዓቱ ወደ አሮጌ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ በመረብ ላይ የተጠቃሚን ማንነት የሚያረጋግጠው ከርቤሮስ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በተለመደው ቅንብሩ ከ5 ደቂቃ የበለጠ የሰዓት ልዩነት ስለማይቀበል፣ ሠራተኞች ትክክለኛውን የይለፍ ቃል እያስገቡ ይከለከላሉ። ከዚህ የሚከፋው ብዙ ዲስኮችን አንድ አድርጎ የሚያሠራው ሬይድ በማዘርቦርዱ ቅንብር የሚመራ ሲሆን ነው፤ ያ ቅንብር ሲጠፋ ዲስኮቹ የተበታተኑ መስለው ይታያሉ፤ የተደናገጠው ባለሙያም «እንደ አዲስ ይዘጋጅ» የሚለውን ምርጫ ይጫንና እስከዚያች ሰዓት ደህና የነበረው መረጃ ይጠፋል። እንዲህ ያለ መረጃ በጃምፐር ጠፋ አይባልም፤ የጠፋው ቅንብሩን አስቀድሞ በፎቶግራፍ ወይም በወረቀት ባለመያዝ ነው።

ስለ ማገናኛዎች ጥቂት መጨመር ይበቃል። ለፕሮሰሰር ኃይል የሚሰጠው ባለ 8 ፒን ማገናኛና ለግራፊክስ ካርድ የተሠራው ባለ 8 ፒን ማገናኛ መልካቸው ቢመሳሰልም፣ 12 ቮልቱና ግራውንዱ የተቀመጡበት ረድፍ ተገላቢጦሽ ነው፤ አልገባ ያለን ማገናኛ በጉልበት መግፋት ቦርዱን ያቃጥላል። ከሌላ ፓወር ሰፕላይ የመጣ ተነቃይ ኬብልም ቅርጹ ስለገጠመ ብቻ አይሰካም፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አደራደር ከአምራች አምራች ይለያያልና። የሜሞሪን ጥርስ በላጲስ መፈተግም ሊቀር ይገባዋል፤ በጥርሱ ላይ ያለው የወርቅ ቅብ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺህኛ የማይበልጥ በመሆኑ ይፋቃል፤ ንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮልና ብናኝ የማይተው ጨርቅ ይሻላል።

በየዓመቱ በጥቅምት የሳይበር ደህንነት ወር ሲከበር ስለ ጠንካራ የይለፍ ቃል ብዙ ይነገራል፤ ይሁንና በብዙ ሰርቨሮች ላይ ማሽኑን የሚያስነሳውን መሠረታዊ ፕሮግራም፣ የባዮስን፣ የይለፍ ቃል የሚሰርዝ ጃምፐር ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ስላለ፣ ክዳኑን መክፈት የቻለ ሰው ያን ቃል ማወቅ አያስፈልገውም። የሰርቨር ክፍል ቁልፍ በበር ጠባቂ ጠረጴዛ ላይ በሚውልበት ቢሮ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ሊከበር አይችልም።

ትክክለኛው አሠራር አጭር ነው። ሰርቨሩ በሥርዓት ይዘጋል፤ ሁለቱም የኃይል ገመዶች ይነቀላሉ፤ የማብሪያው ቁልፍ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ በውስጡ የቀረው ኃይል ይወጣል፤ በቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች በሙሉ መጥፋታቸው ይታያል፤ ስታቲክ ኤሌክትሪክን የሚያስወግደው፣ ከማሽኑ ብረት ጋር የተያያዘው የእጅ አንባር ይታሰራል፤ ጃምፐሩ የሚነካው ከዚያ በኋላ ብቻ ነው።

ባለሙያው ይህን የማያደርገው ሁልጊዜ ባለማወቅ አይደለም። በሥራ ሰዓት ሰርቨር ላጥፋ ብሎ ሲጠይቅ «ሥራ ይቆማል» ተብሎ የሚከለከል ሰው፣ መብራት የሄደበትን ግማሽ ሰዓት እንደ ተሰጠ ፈቃድ ቢቆጥረው አያስገርምም፤ ወቀሳውም ከካቻቢቴው ባለቤት ይልቅ ፈቃዱን ወደከለከለው ኃላፊ ያመዝናል። ስለዚህ እዚህ የተቀመጡ የሥራ ክፍል ኃላፊዎች ከዚህ ስብሰባ ሳይወጡ በወር አንድ የታወቀ የጥገና ሰዓት፣ ቢቻል የእሑድ ጠዋት፣ ሊወስኑና ሰርቨሩ በዚያ ሰዓት እንደሚጠፋ ለሠራተኛው ሁሉ በጽሑፍ ሊያሳውቁ ይገባል።