ምልክቱና ምሳሌው
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ይኸውም በኮምፒዩተር የሚጻፈውን ተራ ጽሑፍ በጥቂት ምልክቶች ቅርጽ ለሚያስይዘው ሥርዓት፣ በተለይም ማርክዳውን ለሚባለው፣ የአጠቃቀም መምሪያው እንዴት ሊሻሻል ይችላል የሚል ነው። ነገሩን ከጋይንት ልጀምረው እወዳለሁ። የዚያ አገር ተወላጅ ስለ ሆንሁ አደላ ብትሉኝ አልከራከርም። ሆኖም ጥቂት ምልክት በቃል ላይ ጥሎ ብዙ ነገር ማስተላለፍ በእኛ ዘንድ አዲስ ጥበብ አለመሆኑን ለማስረዳት ከቤተ ልሔም የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። የድጓ ገጽ ሲታይ ከቃሉ በላይ፣ በመስመሮቹ መካከል፣ ደቃቅ ምልክቶች ሰፍረውበታል። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሂደትና ቁርጥ የሚባሉት በጣት የሚቈጠሩ ናቸው። ከእነዚህ ሌላ ከፊደል የተውጣጡ ምልክቶች አሉ፤ እነዚያ እጅግ ብዙ ናቸው። በትውፊት እንደሚነገረው የምልክቱን ሥርዓት ያቀኑት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 1540–1559) የነበሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው።

መሐንዲስን የሚያስደንቀው የፊደሉ ምልክት አሠራር ነው። ከቃሉ ራስ ላይ የሚጻፈው አንድ ወይም ሁለት ፊደል ተማሪው አስቀድሞ በቃሉ ካጠናው ከሌላ ዜማ የተቀነጨበ ነው፤ መልእክቱም «ይህን እንደዚያ በል» የሚል ነው። ምልክቱ ትርጓሜ አይሰጥም፤ ወደ ምሳሌ ይመራል። ምሳሌውን ያልሰማ ሰው ምልክቱን ዓመት ሙሉ ቢመለከተው አንዲት ድምፅ አያወጣበትም። ከዚህም የተነሣ ትምህርቱ ብዙ ዓመት ይፈጃል።

አሁን ወደ ማርክዳውን ልመለስ። ሥርዓቱን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ጆን ግሩበር ነው፤ አሮን ስዋርትዝም ተባብሮታል። መግለጫው ለማንበብ የሚጥም ነበር፤ አሻሚ የሆኑትን ጉዳዮች ግን ዝም ብሎ አልፏቸዋል። ስለዚህ ፕሮግራም ጸሐፊዎች እንደየመሰላቸው ተረጐሙት፤ አንዱ ጽሑፍ በአንዱ ፕሮግራም ዝርዝር፣ በሌላው ተራ አንቀጽ ሆኖ ይወጣ ጀመር። (የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብርና የተጉለት ዜማም ይለያያል፤ ያ ግን እያንዳንዱ ወገን በመምህር ያስጠበቀው ልዩነት ነው እንጂ በመምሪያ ጉድለት የመጣ አይደለም።) እ.ኤ.አ. በ2014 ኮመንማርክ የሚባለው ዝርዝር ደንብ ወጣ። በውስጡ ከ600 በላይ ምሳሌዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ምሳሌ የሚጻፈውንና ሊወጣ የሚገባውን ጎን ለጎን ያሳያል። እነዚያው ምሳሌዎች ከሰነዱ ተወስደው ፕሮግራሙን ይፈትኑበታል። በእኔ አስተያየት በዚህ ሥራ ከተደረጉት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ይህን ያወቅሁት ግን ከጥፋት በኋላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ለጥገና ክፍል ጸሐፊዎች የማርክዳውን መምሪያ አዘጋጅቼ ነበር። ሦስት ገጽ ብቻ ነበረና በአጭርነቱ እኮራበት ነበር። ስለ ዝርዝር የጻፍሁት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «በየመስመሩ መጀመሪያ ቁጥርና ነጥብ ይጻፋል» ይላል። ሐሰት የለበትም። ጸሐፊዋ የፓምፑን የጥገና መመሪያ በዚሁ መሠረት ገለበጠችው። በአሮጌው ወረቀት ላይ 5ኛው ተግባር ተሰርዞ ነበር፤ ሠራተኞች የለመዱት ቁጥር እንዳይዛባ ተብሎም ከ4 ቀጥሎ 6 ይመጣ ነበር። ማርክዳውን ግን የሚያከብረው የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ነው፤ የቀረውን ራሱ በተራ ይቈጥራል። ስለዚህ 6 የነበረው 5፣ 9 የነበረው 8 ሆኖ ታተመ። በሌላ ገጽ «ክዳኑን ከመንካትህ በፊት ቁጥር 9ን ፈጽም» የሚል ትእዛዝ አለ። የቀድሞው 9 ግፊቱን የሚያስተነፍስ ነበር፤ አዲሱ 9 ራሱ «ክዳኑን ፍታ» ይላል። አንድ አዛውንት መካኒክ ነገሩ ስላልገጠማቸው መፍቻውን አስቀምጠው ባይደውሉልን ኖሮ ውሃው በግፊት በፊታቸው ላይ ይፈነዳ ነበር። ጸሐፊዋ ተወቀሰች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ለማስረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ምክንያቱም መምሪያው «ትክክል» ነበር።

ከዚያ በኋላ ከጸሐፊዎቹ አጠገብ ተቀምጬ ሲሠሩ ተመለከትሁ። ያየሁት ነገር አብዛኛው በእንግሊዝኛ መምሪያ የማይገኝ ነው። እኛ ዝርዝር ስንጽፍ ሀ፣ ለ፣ ሐ ወይም ፩፣ ፪፣ ፫ እንላለን። ማርክዳውን የሚያውቀው ከ0 እስከ 9 ያሉትን አኃዞች ብቻ ስለ ሆነ መስመሮቹን አንድ ላይ ጨፍልቆ አንቀጽ ያደርጋቸዋል። መድኃኒቱ በየመስመሩ መካከል ባዶ መስመር መተው ነው። ቁጥሩ እንዳይለወጥ የሚፈለግ ከሆነም ከነጥቡ በፊት ወደ ኋላ የዘመመ ሰረዝ ይጨመራል።

ሁለተኛው ከሰዋስዋችን የመጣ ነው። በአማርኛ «የ»፣ «በ»፣ «ን» ከስሙ ጋር ይጣበቃሉ። ቃሉን በግርጌ ሰረዝ ከብቦ «ን»ን ከውጭ ያስቀጠለ ሰው ሰረዞቹ እንዳሉ ታትመው ያገኛቸዋል፤ በኮከብ ቢከብበው ግን ይሠራል። ኮከቡም ቢሆን አንድ ቦታ ይከዳል። የመጽሐፍ ስም በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርገን፣ ኮከቦቹን ከጥቅሱ ውጭ አኑረን፣ በመጨረሻ «ን» ብንጨምር ፕሮግራሙ የመዝጊያውን ኮከብ መዝጊያ ነው ብሎ አይቀበለውም። ኮከቦቹ ወደ ጥቅሱ ውስጥ ሲገቡ ነገሩ ይቃናል። ይህን ደንብ በቃል ላስረዳ ስሞክር የሰማኝ ሁሉ ያዛጋ ነበር፤ የተበላሸውንና የተቃናውን ጎን ለጎን ሳሳያቸው ጸሐፊዎቹ ወዲያው ያዙት።

አዲሱ መምሪያ 22 ገጽ ሆነ። የምልክቶቹ ዝርዝር አንድ ገጽ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ወረቀቶች የተወሰደ ምሳሌ ነው፤ የማይሠሩትም ተካተዋል። ፕሮግራሙ በታደሰ ቁጥር ምሳሌዎቹ በሙሉ በማሽን ይፈተናሉ። አለቆች ገጹ በዛ ብለውኛል፤ ጸሐፊዎቹ አላሉም።

በመጨረሻ ገና በእጄ ስላለው ሥራ ልንገራችሁ። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ የዜማ ምልክቶቹ በ2005 ተከተሉ። አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ለየብቻ ስለ ተቈጠሩ አሥር ሆነዋል። ነገር ግን የተመዘገቡት ራሳቸውን ችለው እንደሚቆሙ ምልክቶች ነው፤ ስለዚህ ብቻቸውን ሲጻፉ ከፊደሉ ራስ ላይ ሳይወጡ ከጎኑ ይቆማሉ። በተራ ጽሑፍ ተጽፈው ከላይ የሚወጡበትን አጭር ሥርዓት ከ14 ምሳሌዎች ጋር አዘጋጅቼ ድጓ ለሚያስተምሩ አንድ የኔታ አቀረብሁላቸው። የደንቡን ገጽ ሳያዩ ገለጡት፤ ምሳሌዎቹን ግን አንድ በአንድ አዜሟቸው። አምስቱን ሰረዙ። በማሽኑ በኩል እንከን አልነበረባቸውም፤ ምልክቱን ያኖርሁት በማይገባው ፊደል ላይ ነበር። በምትካቸው ሌላ አምስት እንደሚሰጡኝ ቃል ገብተውልኛል፤ ድጓዬን ይዤ ከክረምት በኋላ እንድመለስ አዘውኛል።