የወጋም አልረሳ!

(ከዚህ በታች የቀረበው ጽሑፍ በነፃ ጋዜጠኝነት የሚሠራው ጸሐፊ አዲስ አበባ ውስጥ ለጉናና ለአካባቢው ተወላጆች ያሰማው ንግግር ነው። የዝግጅት ክፍሉ)



አበው "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ" ይላሉ። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ጎዶሎ ነው። የወጋውም አልረሳ! ጦር ሜዳ የዋለ ሰው ወግቶም ተወግቶም ነው የሚመለሰው። ዛሬ የማነሳው የዚህን ሰው ነገር ነው።

ሐኪሞች ሕመሙን በፈረንጅ አፍ አሳጥረው ፒ.ቲ.ኤስ.ዲ. ይሉታል። በኛ አነጋገር፣ ዘግናኝ ነገር ካለፈ በኋላ አልለቅ የሚል የአእምሮ ሕመም ማለት ነው። ምልክቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሰውየው ሌሊት ሲቃዥና ሲጮኽ ያድራል። በር ድው ሲል ይበረግጋል። ለሠርግ ጥይት ሲተኮስ ዳሱን ጥሎ ይወጣል። ከሰው ይርቃል፣ በትንሹ ይቆጣል፣ አንዳንዱ በሚስቱና በልጆቹ ላይ እጁን ያነሳል። እንቅልፍ እንዲወስደው አረቄ ይጨልጣል። ጎረቤት "ነካ አድርጎታል" ይላል፤ ዘመድ "መንፈስ ነው" ይላል፤ ሰፈሩ ደግሞ "ሰካራም" ብሎ ይዘጋዋል። "የጦር ቁስለኛ ነው" የሚለው ሰው ግን የለም!

ለምን ስለ ጉና እንደማወራ ልንገራችሁ። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ርብና ጉማራ የሚነሱበት ተራራ ነው። የያዘው ወገን ደብረ ታቦርንና ጋይንትን ቁልቁል ስለሚያይ የተዋጋ ሁሉ ይፈልገዋል። በ1982 ዓ.ም. የደርግ ሠራዊትና ኢሕአዴግ እዚያ ተላልቀዋል፤ ደብረ ታቦርም ከእጅ ወደ እጅ ዞራለች። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ኃይል በጋይንት በኩል ገፍቶ ሲመጣ መከላከያው፣ ልዩ ኃይሉ፣ ሚሊሻውና ፋኖው ባንድ ወገን ተሰለፉ። ደብረ ታቦር ከተማ ላይ የወደቀው ከባድ መሣሪያም ሰላማዊ ቤተሰብ ፈጀ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ ትናንት ጎን ለጎን የተሰለፉት መንግሥትና ፋኖ እርስ በርስ ተታኮሱ። እንግዲህ አስቡት! ባንድ ቤት ውስጥ አባት የ1982ን፣ ልጅ የ2013ን ቅዠት ይዘው ሊያድሩ ይችላሉ።

ታዲያ መንግሥታት ለነዚህ ሰዎች ምን አደረጉ? ግንቦት 1983 ላይ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆነው የቀድሞ ሠራዊት ተበተነ። ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተሰየመለት፤ ገጠር ለገባው የምግብ እህል፣ ዘር፣ ለአንዳንዱም በሬ ተሰጠው። እግሩ የተቆረጠ ሰው ሰው ሠራሽ እግር የሚጠይቅበት ቦታ ነበረ። ለቅዠቱስ? ማን ዘንድ ይሂድ? ሠራዊቱ ከተበተነ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1995 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን እዚሁ አገር ማሠልጠን ሲጀምር በመላ ኢትዮጵያ የነበሩት 11 ብቻ ነበሩ። ከደብረ ታቦር ተነስቶ አማኑኤል ሆስፒታል መድረስ ለአንድ ተበታኝ ወታደር ምን ማለት እንደነበር እናንተው ፍረዱ።

በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን ደግሞ 371,971 ተዋጊዎችን መልሶ ለማቋቋም ማቀዱን ነግሮናል። ተዋጊው መሣሪያ ያስረክባል፣ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይወስዳል፣ ገንዘብ ተቀብሎ ወደ ቀዬው ይሄዳል። ክላሹ ተቆጥሮ ይመዘገባል። እሰየው! የሌሊቱ ጩኸትስ የትኛው ቅጽ ላይ ነው የሚሞላው? ቋሚ ደመወዝና ጡረታ የሌለው፣ በሬውን ፈትቶ የዘመተው ሚሊሻስ ከየትኛው መዝገብ ላይ ይፈለጋል?

እኛ እዚህ እንዲህ ስንሆን ባሕር ማዶ ያሉት የጦር ተመላሾች ስለ አዲስ መድኃኒት እየተሟገቱ ነው። ጉዳዩ እናንተም ጆሮ መድረሱ ስለማይቀር በወጉ ላስረዳ። ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. የሚባል፣ በየጭፈራ ቤቱ ኤክስታሲ ተብሎ የሚታወቅ፣ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ዕፅ አለ። ተመራማሪዎች እንደሚሉት ፍርሃትን ያበርዳል፤ ታማሚው ያንን ክፉ ቀን ሳይንቀጠቀጥ መናገር ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ፣ 90 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ዕፁን ከምክር ሕክምና ጋር ካገኙት ውስጥ 67 በመቶዎቹ ከሕመሙ መስፈርት ወጥተዋል፤ ምክሩን ብቻ ካገኙት ደግሞ 32 በመቶ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የአእምሮ ሐኪሞች እንዲያዙት ፈቀደች። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 "ማስረጃው አልበቃኝም፣ ሌላ ጥናት አምጡ" ብሎ መለሰው። አንዱ ምክንያት ታማሚዎቹ የትኛውን እንደወሰዱ ማወቃቸው ነው። በጥናቱ ላይ የሥነ ምግባር ጥሰት ተፈጽሟል የሚል ክስም ነበረ።

የቸኮሉት አሜሪካውያን ወታደሮች ሜክሲኮ ድረስ ሄደው ኢቦጌን የተባለውን ይወስዳሉ። ይሄኛው የተገኘው ከኛው አፍሪካ፣ ጋቦን ውስጥ ለሃይማኖት ሥርዓት ከሚጠቀሙበት ተክል ነው። ልብን ስለሚያውክ ግን ሊገድል ይችላል። ስለዚህ አደራ! "ውጭ አገር ዕፅ እያከመ ነው" ሲባል ሰምቶ አስተናግር ቀቅሎ የሚያጠጣ አዋቂ ነኝ ባይ እንዳይነሳብን። አስተናግር መርዝ ነው፤ ያሳብዳል፣ ይገድላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የዚያን ሕክምና አሠራር ልብ ብላችሁ እዩት። ዕፁ የሚሰጠው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ ቀጠሮ 8 ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ባለሙያዎች ከታማሚው አጠገብ አይነሱም። ከዚያ ሌላ የሰዓት ተኩል የምክር ቀጠሮ 12 ጊዜ አለ። ሲደመር 42 ሰዓት ይሆናል፤ በሁለት ባለሙያ ሲባዛ 84 የሥራ ሰዓት ለአንድ ሰው! እንክብሏ ትንሽ ናት፤ ሕክምናውን ውድ ያደረገው የሰሚው ጊዜ ነው።

እንዲያውም ከዚህ ቤተሰብ ጋር የሚቆጠር አንድ መድኃኒት እኛ ዘንድ አለ። ኬታሚን ይባላል፤ ሆስፒታሎቻችን ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ሌላው ዓለም ለከባድ ድብርት ይሰጠዋል፤ ለጦር ሕመም ይረዳ እንደሆነም እየተጠና ነው። ነገሩ እንዲህ ነው እንግዲህ፤ ኬታሚን እያለን የጉናው ሰው አልዳነም። የጎደለው ዕፅ ብቻ አይደለም፤ 42 ሰዓት ቁጭ ብሎ የሚሰማው የሠለጠነ ሰው ነው።

ሰሚ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም። የነፍስ አባት አለ። ሰው የገደለ ወታደር ሌሊቱ ሲከብደው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ንስሐ አባቱ ነው። ዋንዛዬ ጠበል የሚወርደውም ብዙ ነው። ይህን የሚንቅ ሐኪም አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ቄሱ ራሱን ሊያጠፋ የተቃረበውን ሰው ለይቶ ወደ ሆስፒታል የሚልክበት መንገድ ያስፈልገዋል። ሐኪሙም "ጠበልህን ጠጣ፣ ኪኒንህንም አታቋርጥ" ማለት መቻል አለበት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ኤም.ዲ.ኤም.ኤ. ይምጣልን ብለን አይደለም። እሱ ጥናቱ ሲያልቅ፣ ሕጉ ሲፈቅድ የሚታይ ነው። የምንጠይቀው ይህን ነው።

አንደኛ፣ የአእምሮ ቁስል እንደ እግር መቆረጥ የጦር ጉዳት ተብሎ በሕክምና ቦርድ ይቆጠር፤ ካሳም ጡረታም ይታሰብበት።

ሁለተኛ፣ ምዝገባው "ከየትኛው ወገን ነህ?" ብሎ አይጠይቅ። የደርግ ወታደር፣ የኢሕአዴግ ታጋይ፣ መከላከያ፣ ልዩ ኃይል፣ ሚሊሻ፣ ፋኖ፣ የትግራይ ተዋጊ፤ ቅዠት ባንዲራ የለውም። ሊታከም የመጣ ሰው ታፍሶ እንዳይታሰርም ዋስትና ይሰጠው። እስር ቤት የሚያስገባ ክሊኒክ ማንም አይሄድበትም!

ሦስተኛ፣ በየወረዳው ሆስፒታል ለዚህ ሕመም በምክር ሕክምና የሠለጠነ ነርስ ይኑር፤ እንደ ፍሉኦክሴቲንና ሰርትራሊን ያሉ የታወቁ መድኃኒቶችም ከመደርደሪያ አይጥፉ። ለተሃድሶ ከሚመጣው ገንዘብም ለዚህ ድርሻ ይቆረጥለት።

ወገኖቼ፣ መንግሥት ልጅ ለጦርነት ሲፈልግ ቀበሌ ድረስ ወርዶ በስሙ ጠርቶ ያገኘዋል። ሊያክመው ሲሆን አድራሻው እንዴት ይጠፋዋል? እኛም ብንሆን ከሐሜት አንንጻ። "ነካ አድርጎታል" ማለታችንን ትተን "ወንድሜ፣ ታመሃልና እንታከም" እንበለው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። የጉና ሰው በሽታውን ለ30 ዓመት የደበቀው የሚያሳየው ሰው አጥቶ ነው።