ከመክፈቻው በኋላ ያለው ገንዘብ

(በምሩቃን መገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)

 

አዘጋጆቹ “ትንሽ ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ የሚጠቅም ነገር ንገርልን” ብለውኛል። ሥራዬ የሌላ ሰው ሒሳብ መያዝ ነው። የልብስ ሰፊው፣ የዳቦ ቤቱ፣ የእንጨት ሥራው፣ የማተሚያ ቤቱ መዝገብ በእጄ ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ የምነግራችሁ ከመዝገብ ላይ የማነበውን ነው።

ጡረታ የተቃረበውም፣ አምና የተመረቀውም ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ “ካፒታል ከየት ላምጣ?” ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ተዘግተው ያየኋቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ የመክፈቻ ገንዘብ ነበራቸው፤ ባይኖራቸውማ አይከፈቱም ነበር። የተዘጉት ከተከፈቱ በኋላ ሥራውን የሚያስኬድ ገንዘብ ሲያልቅባቸው ነው። ደንበኛ እያለ፣ ትእዛዝ እያለ፣ በወረቀት ላይ ትርፍም እያለ ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ባለቤቷ ፈቅዳልኛለች፤ ስሟን ግን አልጠራም። ከዚሁ ግቢ የወጣች እህታችን ናት። በአራት የስፌት መኪና ሥራ ጀመረች። አንድ ትልቅ ድርጅት 300 ዩኒፎርም አዘዛት፤ አንዱን በ1,400 ብር፣ በድምሩ 420,000 ብር። ጨርቁ፣ ክሩ፣ ቁልፉና የስፌቱ ዋጋ ለአንዱ 1,100 ብር፣ በድምሩ 330,000 ብር ወጣበት። ትርፉ 90,000 ብር። ማን ይጠላል?

ዕቃው በቀኑ ተረከበ። ክፍያው ግን “ፊርማ ላይ ነው” ተባለ። ቀጥሎ “ኃላፊው መስክ ወጥተዋል”፣ ከዚያ “አሁን የበጀት መዝጊያ ነው፣ ትንሽ ታገሺን” ሆነ። ያላት ገንዘብ ሁሉ እዚያ ዩኒፎርም ውስጥ ስለነበር ለሌላ ትእዛዝ ጨርቅ መግዣ አልነበራትም። መኪኖቹ ቆሙ፤ የቤት ኪራዩና የሦስቱ ቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ግን በየወሩ 42,000 ብር ይቆጥራል። እንግዲህ አስሉት፤ 90,000 ብሩ ትርፍ የሚያቆየው ሁለት ወር ከአራት ቀን ነው። ገንዘቡ የመጣው በአምስተኛው ወር ነው። በአምስት ወር 210,000 ብር ወጥቷል። በወረቀት 90,000 ያተረፈው ሥራ በእጇ ላይ 120,000 ብር አጎደለ። ሁለት መኪና ሸጣ፣ ሁለት ሠራተኛ አሰናብታ ነው የተረፈችው። ይህች ልጅ ሥራዋን የማታውቅ አይደለችም፤ ስፌቷን የሚያይ ሁሉ ይመሰክርላታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ንግዱን ከመምረጣችሁ በፊት ቀን ቁጠሩ። አንድ ብር ከእጃችሁ ወጥቶ እስኪመለስ ስንት ቀን ይፈጃል? ሻይ ቤት ጠዋት ወተትና ዳቦ ይገዛል፣ ማታ ብሩ ተመልሷል። በርበሬ በአዝመራው ገዝታ፣ ቀንጥሳ፣ አስፈጭታ፣ አሽጋ ለሱፐርማርኬት በዱቤ የምታስረክብ ሴት ግን ብሯን የምታየው ከወራት በኋላ ነው። ሁለቱ በዓመት እኩል ቢሸጡ እንኳ የሚያስፈልጋቸው ገንዘብ አይገናኝም።

ስሌቱ ቀላል ነው። የወር ቋሚ ወጪያችሁን ገንዘቡ ለመመለስ በሚፈጀው ወር አባዙት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለምትሠሩት ዕቃ መግዣውን ደምሩበት። ያንን ገንዘብ አስቀድማችሁ ለዩና በቀረው ክፈቱ። እኛ የምናደርገው ግልባጩን ነው፤ ገንዘቡን በቁልፍ ገንዘብ፣ በጂፕሰም፣ በታፔላና በአዲስ ወንበር እንጨርስና ሥራ ማስኬጃውን “እግዜር ያውቃል” እንላለን። ያገለገለ መኪና ይሰፋል፤ የሌለ ጨርቅ ግን አይሰፋም።

ሁለተኛው የዋጋ ነገር ነው። ዋጋ ስትተምኑ ዕቃውን የገዛችሁበትን ብቻ ሳይሆን የምትተኩበትንም እዩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ በ600 ብር የገዛውን የመኪና ፊልትሮ በ750 ሸጦ “150 አተረፍኩ” ያለ ባለሱቅ አስቡ። መልሶ ሊገዛ ሲሄድ 900 ቢሉት አተረፈ ወይስ ከሰረ? መዝገቡ አተረፈ ይላል፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነው። በየወሩ መጀመሪያ አምስት ዋና ዋና ዕቃዎቻችሁን ዛሬ በስንት እንደሚተኩ ጠይቃችሁ ጻፉ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ሦስተኛ፣ የቤትና የሱቅ ገንዘብ አይቀላቀል። ለሱቁ የራሱ የባንክ ሒሳብ፣ የራሱ የቴሌብር ቁጥር ይኑረው። ለራሳችሁም ደመወዝ ቁረጡ፤ ትንሽ ቢሆንም በቀኑ ይከፈል። ደመወዝ ያልተቆረጠለት ባለቤት ከመሳቢያው በጥቂት በጥቂቱ ይወስዳል። ለልጅ ትምህርት ቤት፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ፣ ለዘመድ። “የራሴ ሱቅ አይደል?” ይላል። ነው፤ ግን በዓመቱ መጨረሻ ሥራው አትርፎ ይሁን ከስሮ መለየት አይቻልም። ዘመድ ሲቸገር ከደመወዛችሁ እርዱ። “ሱቁ ደመወዝተኛ አድርጎኛል” ማለት ደግሞ ጥሩ መልስ ነው፤ ሞክሩት።

በመሳቢያው ውስጥ ካለውም ሁሉም የናንተ አይደለም። ቫት የተመዘገበ ሰው ከገዢ የሚቀበለው 15 በመቶ የመንግሥት ነው፤ እናንተ ጋ ያደረ አደራ ነው። ከሠራተኛ ደመወዝ የምትቆርጡት 7 በመቶ የጡረታ መዋጮም እንዲሁ፤ በላዩ ላይ 11 በመቶ ከኪሳችሁ ትጨምራላችሁ። በ8,000 ብር ሠራተኛ ስትቀጥሩ የናንተ የጡረታ ድርሻ 880 ብር ስለሆነ ሠራተኛው የሚያስወጣችሁ 8,880 ብር ነው። በእቅዳችሁ ላይ የምትጽፉት ይህን ይሁን።

አራተኛ፣ እቁብ። የተማርን ሰዎች አንዳንዴ እንንቀዋለን፤ ግን ያለ መያዣና ያለ ወለድ ገንዘብ የሚሰጥ ሌላ ማን አለ? ብቻ ምን እንደሆነ እንወቀው። 20 ሰው በሳምንት 5,000 ብር ቢጥል ዕጣው 100,000 ብር ነው። መጀመሪያ የወጣለት ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የወጣለት ቆጣቢ ነው። ዋጋ በሚንርበት ጊዜ መጨረሻ የደረሰው ሰው ብሩ ቢሟላም የሚገዛለት ያንሳል። ደግሞም በየሳምንቱ የሚጣል እቁብ በየሳምንቱ ብር ለሚያይ ሥራ ነው። ለሻይ ቤቱ ይሆናል። በወራት አንዴ ለሚከፈላት ዩኒፎርም ሰፊ ግን ሌላ ዕዳ ነው። ቀን ቁጠሩ ያልኩት ለዚህም ይረዳል።

አምስተኛ፣ ዛሬ እዚህ ግቢ ውስጥ ቡና እየጠጣችሁ “ለምን አብረን አንድ ነገር አንሠራም?” የምትባባሉ እንዳላችሁ አይቻለሁ። ደስ ይላል። ግን ማን ስንት አወጣ፣ ማን ይሠራል፣ የሚሠራው ስንት ይከፈለዋል፣ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው እንዴት ይተመናል፤ እነዚህን አራት ነገሮች ፍቅር እያለ ጻፏቸውና ፈርሙ። ጠብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ውል የለም። ሸሪክ ካልፈለጋችሁም፣ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። በ1952ቱ ሕግ ይህ አልነበረም። በግል ንግድ ፈቃድ ብቻ ስትሠሩ ግን የሱቁ ዕዳ እስከ ቤታችሁ ሊደርስ እንደሚችል እወቁ። ባንክ የግል ዋስትና ካስፈረማችሁም ማኅበሩ ብቻውን አያድናችሁም። ከመፈረማችሁ በፊት ባለሙያ አማክሩ።

እስከ አሁን የተናገርኩት ለሚጀምሩት ነው። የቀረው ደግሞ መጀመር ለማታስቡት ነው፤ ከናንተም አልለቅም። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ግዢ ክፍል የምትመሩ፣ የፋይናንስ ኃላፊዎች፣ ዲኖች፣ ሥራ አስኪያጆች አላችሁ። ትንሿን ድርጅት ፕሮፎርማ የምትጠይቁት፣ ክሊራንስ የምታስመጡት፣ ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላም “በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሺ” የምትሉት እናንተው ናችሁ። ክፉ ስለሆናችሁ አይደለም፤ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስለሚሄድ ነው። ለእናንተ ያ ወረቀት ከመቶ አንዱ ነው፤ ለእህታችን ግን ሁለት የስፌት መኪናና የሁለት ሰው እንጀራ ነበር። የምትችሉ ቅድሚያ ክፍያ ስጡ። የማትችሉ የክፍያ ቀኑን ውሉ ላይ ጻፉና አክብሩት። እውነተኛውን ቀን የነገራችሁት ሰው ቢያንስ ሊቆጥር ይችላል።

መምህራኖቻችን፣ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችን የንግድ እቅድ መጻፍ ያውቁበታል፤ የአምስት ዓመት የገቢ ትንበያ በቀለም ሠርተው ያመጣሉ። እባካችሁ ከዚያ በፊት በሰፈራቸው ያለችን አንዲት ሱቅ ለአንድ ሴሚስተር እንዲከታተሉ አድርጉ፤ በየቀኑ የገባውንና የወጣውን፣ በዱቤ የሄደውንና ዱቤው የተመለሰበትን ቀን እንዲመዘግቡ። ባለሱቋ ነፃ ሒሳብ ያዥ ታገኛለች፤ ተማሪውም ትርፍና ጥሬ ገንዘብ የተለያዩ መሆናቸውን በዓይኑ ያያል።

በመጨረሻ፣ ይህ ንግግር በዓመት መጽሐፋችን እንደሚወጣ ተነግሮኛል። መጽሐፉን የሚያትመው ማተሚያ ቤትም ወረቀት ገዝቶ፣ ሠራተኛ ከፍሎ ነው። የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ እዚህ አሉ፤ ጋሼ፣ ሒሳቡ መጽሐፉ በመጣበት ሳምንት ቢከፈል ከሁላችን ይልቅ ጥሩ ምክር የሰጡት እርስዎ ይሆናሉ።