ቁልፉን ከመጠየቃችን በፊት

(በመስጊዳችን መታሰቢያ ዕለት ለጀመዓው የተደረገ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።



የኮሚቴው ወንድሞች በዚህ ዕለት ስለ ሰደቃ እንድናገር ጠይቀውኛል። ስለ ሰጪው ምንዳ ከዚህ ሚንበር ላይ ብዙ ጊዜ ሰምታችኋል። እኔ ዛሬ የምናገረው ስለ ተቀባዩ ነው፤ ተቀባዩም እኛው ነን።

ነገሩ የሆነው በ2010 ዓ.ም. ነው። ከጀመዓችን ልጆች አንዱ ወታደር ነው፤ በዚያን ጊዜ በሰላም አስከባሪነት ወደ አብዬ ዘምቶ ነበር። አንድ ማታ ከዒሻ ሶላት በኋላ ደወለልኝ። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ፣ «ሸኽ፣ መኪናዬ ግቢ ውስጥ ቆማ ጎማዋ ተንፍሷል። ለመስጊዱ ሰደቃ ሰጥቻታለሁ። ቁልፉ ቤት ነው፤ ወንድሜም ውክልና አለው፤ ውሰዷት» አለኝ።

እኔም በደስታ ምንም ሳላጣራ በጁሙዓ ዕለት ለጀመዓው አስታወቅሁ። ተክቢራ ተባለ። ኮሚቴውም ዐስር ሳይደርስ ሁለት ሰዎች ወደ ቤቱ ላከ። የወንድማችን ባለቤት ግን ወሬውን የሰማችው በሴቶች መስገጃ ተቀምጣ፣ ከእኔው የድምፅ ማጉያ ነበር። ባሏ ሊያስታውቃት አስቦ ኖሮ መስመሩ አልገናኝ ብሎት ነው። ሰዎቹ በሩን ሲያንኳኩ አልተቆጣችም፤ ቁልፉንም አልከለከለችም። አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «ላይመለስ ነው እንዴ ንብረቱን የሚያከፋፍለው?»

ሰዎቹ ቁልፉን ሳይወስዱ ተመለሱ። ቃሏን ሲነግሩኝ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወንድማችን ከሄደ አሥር ወር ሆኖት ነበር። በእነዚያ አሥር ወራት ከእኛ መካከል አንድ ሰው እንኳ ያን በር አንኳክቶ «ልጆቹ ደኅና ናቸው ወይ?» አላለም። እኔም አላልኩም። መጀመሪያ ያንኳኳነው ቁልፍ ፍለጋ ነው።

ወንድሞቼ፣ ቡኻሪና ሙስሊም ከዘይድ ኢብን ኻሊድ እንደዘገቡት፣ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ.) ዘማቹን ያሰናዳ ሰው፣ ደግሞም በሌለበት ቤተሰቡን በመልካም የጠበቀ ሰው፣ እንደ ዘመተ እንደሚቆጠር አስተምረዋል። ይህን ሐዲስ እኔ ራሴ ለልጆች አስቀራለሁ። ስሠራበት ግን አልተገኘሁም። ስለዚህ በማግሥቱ ከባለቤቴ ጋር ሆኜ ወደዚያ ቤት ሄድኩና ዐውፍ በሉኝ አልኩ።

ስለ ፍርሃቷም አነጋገርኳት። ከሩቅ ሆኖ መስጠት የሞት ምልክት አይደለም። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ.) ጥሩሩንና የጦር መሣሪያውን በአላህ መንገድ ወቅፍ ሲያደርግ ገና በሕይወት ነበር፤ ከዚያም ብዙ ዘምቷል፤ የሞተውም በአልጋው ላይ ነው። ሰዕድ ኢብን ዑባዳ (ረ.ዐ.) ደግሞ ከነቢዩ ጋር ለዘመቻ በወጣበት ጊዜ እናቱ መዲና ላይ አረፈች። ሲመለስ ሰደቃ ብሰጥላት ይደርሳታል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ይደርሳታል በተባለ ጊዜ የአትክልት ቦታውን ስለ እርሷ ሰጠ። ከቤቱ የራቀ ሰው መልካም ሥራን በመስጠት ከቤቱና ከአገሩ ጋር ይገናኛል። ይህን ስነግራት አለቀሰች። ከዚያም፣ «እንግዲያው ከእርሱ ጋር ልነጋገር፤ ከዚያ በኋላ መልሱን እነግራችኋለሁ» አለች።

በዚህ መካከል ነገሩን ከዑለማም ከሕግ አዋቂም ጠየቅን። ያገኘነውን ትምህርት በሦስት ከፍዬ ላስረዳችሁ፤ ነገ በሌላ ቤት ሊደርስ ይችላልና።

አንደኛው፣ ንብረቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ነው። መኪናዋ የተገዛችው በጋብቻቸው ጊዜ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልና የሚስትን የጋራ ንብረት በስጦታ ለማስተላለፍ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። በዲናችንም ሰው የሌላውን ድርሻ ሰደቃ ሊያደርግ አይችልም። ዕዳም ካለ ከሰደቃ በፊት ዕዳ ይቅደም።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ ስጦታ የሚጸናው ተቀባዩ በእጁ ሲያደርገው ነው። አቡ በክር (ረ.ዐ.) ለልጃቸው ለዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከተምር ዛፎቻቸው ሃያ ወስቅ ፍሬ ሰጥተዋት ነበር። ሳትረከበው ቀርታ ሞታቸው ሲቀርብ፣ ዛሬ የወራሾች ሁሉ ገንዘብ ሆኗል ብለው ነገሯት፤ ሙወጠእ ላይ ተዘግቧል። አስተውሉ፣ ሰጪው አቡ በክር፣ ተቀባይዋ ዓኢሻ ናቸው፤ ነገር ግን ሐቁ አልታለፈም። የእኛም ወንድም ያለው አደጋ ባለበት ቦታ ነው። አላህ ይጠብቀው እንጂ ነገሩ ሳይፈጸም አንድ ነገር ቢደርስበት፣ የየቲሞችን ገንዘብ ይዘን በተገኘን ነበር።

«ወንድሙ ውክልና አለው፤ ምን ችግር አለ?» ያሉ ነበሩ። ያ ውክልና ግን ጠቅላላ ውክልና ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2205 ተወካይ ያለ ልዩ ውክልና ስጦታ ማድረግ እንደማይችል ይደነግጋል። ወካዩ ሲሞትም፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ውክልናው ያበቃል። ስለዚህ ወንድማችን የመኪናዋን ሰሌዳ ቁጥር ጠቅሶ፣ ለማን እንደሚሰጥም ገልጾ፣ ልዩ ውክልና መላክ ነበረበት። እንዲህ ያለው ሰነድ በኤምባሲ ተረጋግጦ መጥቶ፣ እዚህም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት በኩል ያልፋል። አራት ወር ፈጀ። አንዳንዱ «ሰደቃን ወረቀት አሰረው» እያለ አጉረመረመ። ወረቀቱ ግን ቤቱንም እኛንም ከሐራም ጠብቆናል። ሊብሬውም በመስጊዱ ስም እንጂ በማንም የኮሚቴ አባል ስም አልዞረም።

ሦስተኛው የተረከቡትን መጠበቅ ነው። ዑመር (ረ.ዐ.) አንድ ፈረስ በአላህ መንገድ ለአንድ ሰው ሰጡ። ሰውየው ፈረሱን ሳይንከባከበው ቀረ። ዑመርም ሊሸጠው መሆኑን ባወቁ ጊዜ በርካሽ ሊገዙት ፈለጉ፤ ነቢዩም (ሶ.ዐ.ወ.) ወደ ሰደቃቸው እንዳይመለሱ ከለከሏቸው። ከዚህ ሐዲስ ሰጪው እንዳይመለስበት እንማራለን። እኔ ግን ስለዚያ ፈረስም አስባለሁ። የተሰጠ ነገር በተቀባዩ እጅ ሲጎሳቆል ማየት ለሰጪው ከባድ ነው። መኪና ደግሞ ዓመታዊ ምርመራና ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ነዳጅ፣ ጎማ ይፈልጋል። ይህን ማን ይከፍላል ብለን ሳንመልስ መቀበል፣ ሰደቃን ሜዳ ላይ እንደ መጣል ነው።

ባልና ሚስቱ በስልክ ተነጋገሩ፤ እርሷም ተስማማች። አንድ ሸርጥ ግን አኖረች። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ መኪናዋን ሸጠን የውዱእ ቦታውን እናሠራ፣ ሌሎቹ ለጀናዛ ጉዳይ መላላኪያ እናድርጋት ይሉ ነበር። እርሷ፣ «ሰውየው ሳይመለስ መኪናው በጀናዛ አይጀምር። አትሽጡትም። ሕመምተኛና ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ያድርስ» አለች። ባሏም «ቃሏ ቃሌ ነው» አለ። ዑለማ የወቅፍ ሰጪ ሸርጥ ይከበራል ይላሉና ተቀበልን። ሦስት መንጃ ፈቃድ ያላቸው ወጣቶች በተራ ሊነዱ ቃል ገቡ፤ ለነዳጅም የተለየ ሣጥን ተደረገ።

ያች መኪና ከዚያ ወዲህ በሌሊት ስንቱን ቤት እንዳንኳኳች የምታውቁት ታውቃላችሁ። ወንድማችንም፣ አልሐምዱሊላህ፣ በሰላም ተመልሶ ዛሬ ከሰፋችን ውስጥ አለ። ስሙን አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ሳያስፈቅደኝ በድምፅ ማጉያ አውጥቼበታለሁ፤ ይበቃል።

ወንድሞችና እህቶች፤ ዛሬም ከመካከላችን በውትድርና፣ በዐረብ አገር ሥራ፣ በትምህርት የራቁ አሉ። ከሩቅ ሆነው ይልካሉ፣ ይሰጣሉ። ኮሚቴው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ የያዘውን ደንብ ጠብቁልን፦ የራቀ ሰው ስጦታ ሲመጣ፣ ከእጃችን በፊት እግራችን ወደ ቤቱ ይሂድ። ስጦታ ባይመጣም ይሂድ።

አላህ የራቁትን በሰላም ይመልስልን፤ የሰጡትን ይቀበላቸው፤ እኛንም አማናን ከሚወጡት ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ።