የጢሮስ ነጋዴዎችና እኛ ባለሱቆች

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተሰማ ንግግር)



ስለ ንግድ አንድ ነገር በሉ ተብለን ነው የቆምነው። የተማርነው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ትምህርት ያገኘነው ከመደርደሪያ ጀርባ ቆመን ነው። ስለዚህ የምናቀርበው መጽሐፍ ቅዱስን በባለሱቅ ዓይን ስናነብ ያስተዋልነውን ብቻ ነው። መምህራን በመካከላችን ስላላችሁ ስንሳሳት ታርሙናላችሁ።

በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 27 ስለ ጢሮስ ከተማ የተጻፈ ሙሾ አለ። ብዙ ሰው ይህን ምዕራፍ ቶሎ ብሎ ያልፈዋል፤ የዕቃ ዝርዝር ይበዛበታልና። እኛን የያዘን ግን ይኸው ዝርዝር ነው። ከተርሴስ ብር፣ ብረት፣ ቆርቆሮና እርሳስ ይመጣል። ከቴርጋማ ፈረስና በቅሎ፣ ከቄዳር በግና ፍየል፣ ከሳባ ሽቶ፣ የከበረ ድንጋይና ወርቅ ይመጣል። ይሁዳና እስራኤል ስንዴ፣ ማርና ዘይት ያቀርባሉ። የመርከቡ ሸራ ሳይቀር የግብፅ በፍታ ነው። ነቢዩ ማን ምን እንዳመጣ፣ ከየት እንዳመጣ ሲጽፍ፣ ወር ሲያልቅ ሂሳብ እንደሚዘጋ ነጋዴ አንድም አላስቀረ።

ጢሮስና ሲዶና ዛሬ ሊባኖስ በምትባለው አገር ባሕር ዳር ያሉ ከተሞች ናቸው። ሕዝቡን ግሪኮች ፊንቄያውያን ይሏቸው ነበር። የእርሻ መሬታቸው ጠባብ ነው፤ ከኋላቸው ተራራ፣ ከፊታቸው ባሕር። ታዲያ በምን ከበሩ? በዝግባ እንጨት፣ በመርከብ ሥራና በሐምራዊ ቀለም። ይህ ቀለም የሚገኘው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። በ1909 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድ የጀርመን ሊቅ 12,000 ቀንድ አውጣ ጨምቆ ያገኘው ቀለም 1.4 ግራም ብቻ ነበር። ሐምራዊ ልብስ የነገሥታት ልብስ የሆነው ለምን እንደሆነ ከዚህ ይገባናል።

አሁን ወደ ሰሎሞን እንምጣ። የጢሮስ ንጉሥ ኪራም እንጨትና መርከበኛ ነበረው፤ ወደ ደቡብ የሚያወጣ ባሕር ግን አልነበረውም። ሰሎሞን ደግሞ ስንዴ ነበረው፤ በኤርትራ ባሕር ዳርም ዔጽዮንጋብር የሚባል ወደብ ነበረው፤ ባሕር የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረውም። ስለዚህ ሽርክና ገቡ። ሰሎሞን በየዓመቱ 20,000 ቆሮስ ስንዴ ለኪራም ቤት ይሰጥ ነበር። መርከባቸው ወደ ኦፊር ሄዶ 420 መክሊት ወርቅ አመጣ። ደግሞም በየሦስት ዓመቱ ወርቅ፣ ብር፣ የዝሆን ጥርስና ዝንጀሮ የሚያመጣ መርከብ ነበራቸው።

በኋላ ቅሬታ ተነሣ። ሰሎሞን ለኪራም 20 ከተሞች ሰጠው፤ ኪራም ሄዶ ቢያያቸው ደስ አላሰኙትም። የንግድ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጆንያው ሲፈታ ከላይ እንደታየው አይሆንም። ኪራም ግን ቅሬታውን ሲያቀርብ እንኳ ሰሎሞንን የጠራው ወንድም ብሎ ነው። በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 9 ላይ ተጽፏል። ይህን ነገር አደራ ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

የእኛ አገር በዚህ ንግድ ውስጥ ከዳር ቆሞ የሚያይ አልነበረም። ክብረ ነገሥት እንደሚለው፣ የሰሎሞንን ዝና ለንግሥታችን ያመጣላት ካህን ወይም መስፍን ሳይሆን ነጋዴ ነው፤ ስሙም ታምሪን ይባላል። 520 ግመልና 73 መርከብ ነበረው፤ ወርቅና ነቀዝ የማይበላው ጥቁር እንጨት ለሰሎሞን አቀረበ። (ባለሱቅ ሲናቅ ስንሰማ ይህን ታሪክ እንጠቅሳለን፤ ዛሬም ጠቀስነው።) ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው ምዕት ዓመት አንድ በግሪክኛ የሚጽፍ ነጋዴ ደግሞ፣ የዝሆን ጥርስ ከዓባይ ማዶ ተሰብስቦ ወደ አክሱም፣ ከአክሱምም ወደ አዱሊስ ወደብ እንደሚወርድ መዝግቧል። በዓባይ ዳር ያለን እኛም በዚያ አሮጌ መንገድ አካባቢ ነን ማለት ነው። ሸቀጡ ተለወጠ እንጂ ሰው በሱዳንና በአበሻ ምድር መካከል ሲመላለስ ነው የኖረው። በመተማ በኩል ቡናና በርበሬ ስናስመጣ አዲስ ነገር አልጀመርንም።

እንግዲህ ወደዚያ ዝርዝር እንመለስ። በምዕራፍ 27 ቁጥር 13፣ ከናስ ዕቃ ጎን አንድ ሸቀጥ ተጽፏል፤ እርሱም ሰው ነው። ከበግና ከስንዴ ጋር በአንድ መዝገብ ሰው ተቆጥሯል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 1 ጢሮስን ሲከስስ ሀብታም ነሽ አላለም። ምርኮኞችን ለኤዶም አሳልፋ ሰጠች፣ የወንድሞችንም ቃል ኪዳን አላሰበችም ነው ክሱ። ነቢዩ ኢዩኤልም የይሁዳን ልጆች ለግሪክ ሰዎች እንደሸጡ ይናገራል። በአንድ ትውልድ ወንድሜ የተባባሉት ነጋዴዎች በሌላው ትውልድ የወንድሞቻቸውን ልጆች ሸጡ። ናቡከደነፆር ከተማይቱን 13 ዓመት ከበባት፤ እስክንድርም በ332 ዓመተ ዓለም ባሕሩን ደልድሎ ገባባት።

በ2015 ዓ.ም ሚያዝያ 7 ቀን ጦርነቱ ሲጀመር ዕለቱ ቀዳም ስዑር ነበር። ሱቃችን በእንቁላልና በቅቤ ተሞልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የእኛም ሱቅ ተዘረፈ። አንዳንድ ሰው የጢሮስ ፍርድ ደረሰብን ሲል ሰምተናል። እኛ አንቀበለውም። የዴም ድሃ ሱዳናዊ ምን በደለና ቤቱ ይፍረስ? ጦርነቱን ያመጣው የእኛ ሂሳብ አይደለም። የእኛ ሂሳብ ሌላ ነው፤ ዛሬ ልንናገረው የመጣነውም እርሱን ነው።

ከጦርነቱ በፊት ባሉት ዓመታት ልጆቻችን በመተማና በገዳሪፍ አድርገው ካርቱም ይደርሱ፣ ከዚህም ወደ ሊቢያ ይሻገሩ ነበር። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም በሊቢያ በግፍ ከተገደሉት ወንድሞቻችን መካከል በሱዳን በኩል ያለፉ ነበሩ። አንድ ደላላ ሱቃችን ይመጣ ነበር፤ አበሻ ነው፣ ቋንቋችንን የሚናገር። ወንበር አቀረብንለት፤ ሻይ አፈላንለት። ገንዘብ አደራ አስቀመጠ፤ እኛም አስቀመጥንለት። አንድ ቀን ከሠላሳ የማያንሱ ልጆች ይዞ መጣና ለበረሃው ጄሪካን፣ ቴምርና ብስኩት ገዛ። በዚያ ቀን የሸጥነው የሳምንት ሽያጭ ነበር። ማታ ሂሳብ ስንዘጋ ደስ ብሎን ነበር፤ መዋሸት አይገባንም።

ሁለት ወር ሳይሞላ ከወሎ አንዲት እናት ወደ ሱቁ ስልክ ደወሉ። ልጃቸው የእኛን ቁጥር ሰጥቷቸው ነበር። በረሃ ላይ ይዘውታል፤ ገንዘብ ካልላካችሁ ብለው ያስፈራሯቸዋል። እርሳቸውም የጠየቁን አንድ ነገር ነው፦ «ልጄ፣ እዚያ ሱቅ የሚመጣውን ሰው ታውቀዋለህ ወይ?» አናውቀውም አልን።

ያን ቃል ካልን ጀምሮ የሕዝቅኤልን ዝርዝር እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ማንበብ አልቻልንም። እኛ ሰው አልሸጥንም እንል ይሆናል። የሸጥነው ጄሪካን ነው። ግን የጢሮስም ባለሱቅ እንዲሁ ሳይል አልቀረም፤ እኔ ገመድና ሸራ ብቻ ነው የሸጥኩት ብሎ ይሆናል።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 23 መጨረሻ ላይ ጢሮስ እንደገና ወደ ንግዷ እንደምትመለስ፣ ትርፏም እንደማይከማች፣ በእግዚአብሔር ፊት ለሚኖሩት ምግብና ልብስ እንደሚሆን ይናገራል። ስለዚህ ንግዱ ራሱ የተረገመ አይደለም። የዛሬው በዓላችን ስም የመጣበት ኢዮቤልዩም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደተደነገገው፣ ራሱን የሸጠ ሰው ከልጆቹ ጋር ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነው።

እኛ ዘንድ አንድ ደብተር አለ። ወደ ሊቢያ የሄዱ ልጆች ሻንጣና መታወቂያ አደራ ሲያስቀምጡ ስማቸውንና አገራቸውን የጻፍንበት ነው። ሻንጣው ሁሉ ከሱቁ ጋር ተዘርፏል። ደብተሩ ግን ከዱቤው መዝገብ ጋር በኪሳችን ስለነበር ተረፈ። ተመልሰው ያልመጡ አሥራ አንድ ልጆች ስም አለበት፤ ደላላው የተጠራበትንና ይደውልበት የነበረውን ቁጥርም ከኋላው ገጽ ላይ ጽፈናል።

ስማቸውን እዚህ አናነብም፤ ቤተሰብ ሳይሰማ በአደባባይ ሊነበብ አይገባም። ደብተሩን ዛሬ ጠዋት ለማኅበሩ ጸሐፊ አስረክበናል። ከ2005 እስከ 2008 ዓ.ም ባለው ጊዜ ዘመድ በዚህ በኩል ያለፈበት ሰው ካለ፣ ከሻይ በኋላ ወደ ጸሐፊው ጠረጴዛ ይምጣ። እኛም እዚያው አጠገብ እንቀመጣለን፤ የሚጠይቀን ካለ ያየነውን ሳንደብቅ እንነግረዋለን። የወሎዋን እናት ስልክ ቁጥር ሦስት ጊዜ ደውለን አላገኘነውም፤ ነገ እንደገና እንሞክራለን።