ክላሽ፣ ደም መመለስና የጀዊ ትምህርት ቤቶች

የጀዊ መምህራን፣ ወላጆችና የአገር ሽማግሌዎች፤

ትምህርት ቤት ስለሚገባ ጥይት ሲወራ በብዙ ሰው ዓይነ ኅሊና የሚመጣው አንድ የከፋው ሰው መሣሪያ ታጥቆ ክፍል ሲገባ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 በስኮትላንድ ደንብሌን ከተማ የሆነው እንዲህ ነበር፤ 16 ሕፃናትና መምህራቸው ተገደሉ። ገዳዩ ሽጉጦቹን በሕጋዊ ፈቃድ የያዘ ሰው ነበር። ብሪታንያም ብዙ ሳትቆይ በግለሰብ እጅ ያለውን ሽጉጥ በሕግ አስወጣች። መድኃኒቱ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን መሣሪያው መዝገብ ላይ ላለበት አገር ነው።

እዚህ በጋምቤላ ግን ጠመንጃ ከትምህርት ቤት ይቀድማል። በዝሆን ጥርስ ንግድ ዘመን በጎሬ ከተማ በኩል ይገባ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 የአኙዋ ተዋጊዎች ሊያስገብራቸው በመጣው የእንግሊዝ ጦር ላይ በጠመንጃ ከባድ ጉዳት አድርሰዋል። ኋላም የሱዳን ጦርነት መጣ፤ ኢታንግና ፉኚዶ የስደተኛና የታጣቂ መናኸሪያ ሆኑ። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ክላሹ እንደ ልብ ሆነ። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። መልካም አዋጅ ነው። ሆኖም ከብቱ ሲነዳ የሚደርስለት ፖሊስ የሌለው አባት ክላሹን አምጥቶ ያስመዘግባል ብዬ ራሴን አላታልልም።

ስለዚህ ጥያቄውን ከሌላ በኩል ልያዘው። እዚህ ልጅን የሚገድለው ጥይት ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከትምህርት ቤቱ ርቆ ነው።

ሚያዝያ 2008ን አስታውሱ። በ7ኛው ቀን ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች የኑዌር መንደሮችን ወረሩ፤ ከ200 በላይ ሰው ገደሉ፣ ከ100 በላይ ሕፃናትን ይዘው ሄዱ። ሳምንት ሳይሞላ እዚሁ ጀዊ የስደተኞች ካምፕ አጠገብ የእርዳታ ድርጅት ተሽከርካሪ ሁለት የስደተኛ ልጆችን ገጭቶ ገደለ። የልጆቹ ሞት በአደጋ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን አደጋ አልነበረም፤ በአደጋው እጃቸው የሌለበት ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች በበቀል ተገደሉ። ቁጣው ወደ ጋምቤላ ከተማም ተሻገረ።

በአደጋውና በበቀሉ መካከል የነበረው ጊዜ አጭር ነበር። በዚያ ጊዜ ማን ምን ተናገረ? በየትኛው ቋንቋ? የመጀመሪያው ወሬ ከማን አፍ ወጣ? የትምህርት ቤት ደኅንነት የሚባለው ነገር እኔ እንደማየው እዚያች ሰዓት ውስጥ ነው ያለው። አጥርና ዘበኛ አስፈላጊ ናቸው፤ ደም ለመመለስ የተነሳን ወጣት ግን አጥር አያቆመውም። የሚያቆመው የሚያከብረው ሽማግሌ ነው፤ እሱም ቀድሞ ከደረሰ።

ስለ ሕጉም አንድ ቃል ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የስደተኞች ስምምነት ጥገኝነት መስጠትን ሰላማዊና ሰብዓዊ ተግባር ይለዋል። ስለዚህም መሣሪያ የታጠቀ ሰው በስደተኛ ስም እዚህ ሊቀመጥ አይችልም። ከመሣሪያ መራቅ ለስደተኛውም ለአስተናጋጁም መንደር እኩል ይበጃል። በትምህርት ቤት ግቢ ለሚደረግ ስብሰባ የሚመጣ ባለሥልጣንም አጃቢዎቹን ከነመሣሪያቸው ከበር ውጭ ያቆያቸው፤ ልጆቹ ክላሽ የክብር ምልክት መሆኑን የሚማሩት ከሌላ ቦታ አይደለም።

ልመናዬ ጥቂት ነው። ወደ ትምህርት ቤቶቹ የሚወስደው መንገድ የፍጥነት መቀነሻ ይሠራበት። አደጋ ሲደርስ በኑዌርኛ፣ በአኙዋኛና በአማርኛ የሚናገሩ፣ ከስደተኛውም ከነዋሪውም የተመረጡ ሽማግሌዎችና እናቶች ከፖሊስ ጋር አብረው ወደ ሟች ቤተሰብ ይሂዱ፤ ስማቸውና ስልካቸው ዛሬውኑ በየርዕሰ መምህሩ እጅ ይኑር። በከተማው መንገድ የተኩስ ወሬ በሚሰማበት ቀን ልጅ ብቻውን ወደ ቤት አይለቀቅ፤ ወላጁ እስኪደርስ መምህሩ ያቆየው። መምህሩ ራሱ በብሔሩ ምክንያት የሚፈራ ከሆነ ደግሞ እሱን ወደ ቤቱ የሚሸኙት የተማሪዎቹ አባቶች ይሁኑ፤ ይህን ዛሬ እዚህ ተስማምታችሁ ብትነሱ የዚህ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ የመጀመሪያ ውሳኔ ይሆናል።